የወተቱ ሙቀት

ዐብዲወሊ የቁርሱን ቂጣ፣ ላሆሁን፣ ማር አስነክቶ ወደ አፉ እየወሰደ፣ "ፋራናይትን ወደ ሴልሺየስ ስንለውጥ በአንድ ነጥብ ስምንት ነው የምናካፍለው፣ አይደል?" ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው እህቱን ዴቃን ነበር። ዴቃ ጅጅጋ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች፤ እሱ ኢንጂነር ነው፤ በዚያ ቤት ግን ታላቅ ወንድም ታናሽ እህቱን ስለ ሥራው ጠይቆ አያውቅም። ዐይኑ ቀልቷል። ሌሊቱን ወተት ማቀዝቀዣ ጣቢያው አድሮ፣ ታንከሩን ውሃ ሞልቶ ሲሞክር እንደነበር ሱሪው ጠርዝ ላይ የደረቀው ጭቃ ይመሰክራል። ሚስቱ ሻሚስ ቀዩ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ ሻዩን ትቀዳለች። በግድግዳው ጥግ የቆመው ፍሪጅ ከተገዛ ጀምሮ ሶኬት አልነካም፤ ሻሚስ ልብስ ታስቀምጥበታለች።

"ስንት ዲግሪ እንደሆነ ለማወቅ ከሆነ፣ ሠላሳ ሁለት ቀንሰህ ታካፍላለህ" አለች ዴቃ። "ቁጥሩ 'በአንድ ዲግሪ ይህን ያህል ሙቀት' የሚል ከሆነ ግን ታባዛለህ።"

"ለምን?"

"የሴልሺየሱ አንድ ዲግሪ ትልቅ ነዋ። ትልቅ ዲግሪ ብዙ ሙቀት ይበላል።"

ዐብዲወሊ ማኘኩን አቆመ። "ታባዛለህ" አለ ለራሱ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ሻሚስ ብርጭቆውን ከፊቱ አስቀመጠችና ስለ ስኳር አወራች፤ ኪሎው ሠላሳ ብር ገብቷል፣ ሱቁ ውስጥ ደግሞ የለም ይላሉ፣ ከቶጎ ውጫሌ የሚገባውንም ኬላ ላይ እየያዙት ነው አለች። ስልኩ ጮኸ። ዐብዲወሊ ማን እንደሆነ አይቶ ተነሣ፣ ወደ በሩ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ፤ ቤቱ ግን አንድ ክፍል ያህል ስለሆነ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። "አዎ ወንድሜ ኢንስፔክተር ዋርፋ። ሌሊቱን ሙሉ አጣራሁ። ማሽኑ ምንም የለበትም። ያጠፋው ዘበኛው አምሀ ነው። አዎ፣ ሆን ብሎ ነው። እምላለሁ እንጂ ለምን አልምልም? ዛሬውኑ ይሂድ። ከዐስር ሶላት በኋላ? ጥሩ።"

ተመልሶ የሻይ ብርጭቆውን ሲያነሣ ዴቃ ቆማ ጠበቀችው። "ዐብዲ፣ ማሽኑን ያጠፋው ሰው የለም" አለችው። "አካፍለኸዋል። ሞተሩን ስትመርጥ ማባዛት ሲገባህ አካፍለኸዋል፤ አሁን እዚህ ተቀምጠህ ነው ያወቅኸው።" ብርጭቆው ከእጁ ሲወጣ አላየችም፤ ጆሮዋ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሲፈነዳ ነው የሰማችው። ትኩሱ ሻይ አንገቷ ላይ ወረደ። ሻሚስ አልጮኸችም። ሄዳ መጥረጊያ አመጣችና ስብርባሪውን መጥረግ ጀመረች፤ አጠራረጓ የለመደ ሰው ዓይነት ነበር።

"አባታችን ሲሞት አንቺ ስንተኛ ክፍል ነበርሽ?" አለ ዐብዲወሊ። "ማን አስተማረሽ? በእኔ ላይ እንድትፈርጂ ነው ያስተማርኩሽ?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያለው ድምፁ ከብርጭቆው ይልቅ አስፈራት። "አምሀ ምን ይሆናል? ሰው የለውም። እዚህ አገር የሚጠይቅለት ጎሳ የለም፤ ነገሩ በእሱ ላይ ያልቃል። እኔ ነኝ ካልኩ ግን የወተት ሴቶቹ ጎሳና የእኛ ጎሳ ነው የሚያያዘው። ስንት ሰው እንዲሞት ትፈልጊያለሽ? አንድ ወይስ ዐሥር? ይህንንም አባዢልኝ።"

ዴቃ ሻሿን አንገቷ ላይ ጠቅልላ ወጣች።

ማቀዝቀዣው ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ አጥር የተከበበ ግቢ ውስጥ ይገኛል። ከየገጠሩ የግመል ወተት የሚሰበስቡት ሴቶች ተሰባስበው ያቋቋሙት ነው፤ ወተቱ አዳሩን ቀዝቅዞ ንጋት ላይ ድንበር ተሻግሮ ሐርጌሳ ይሸጣል። ታንከሩ ያገለገለ የአሜሪካ ዕቃ ነው። አብሮት የመጣው መመሪያ ሁሉን ነገር በፓውንድና በፋራናይት ይናገራል፤ አንድ ፓውንድ ወተት በአንድ ፋራናይት እንዲቀዘቅዝ ምን ያህል ሙቀት መውጣት እንዳለበት ሳይቀር ያስቀምጣል። ሞተሩ ግን ለብቻው ከዱባይ የተገዛ ነው፤ የእሱ ልክ በኪሎና በሴልሺየስ ነው። የወተቱን ቁጥር ከአንዱ ልኬት ወደ ሌላው ያሻገረውና በዚያ መሠረት ሞተሩን የመረጠው ዐብዲወሊ ነበር። ፓውንዱን ወደ ኪሎ በትክክል ለወጠው። ዲግሪው ላይ ሲደርስ ግን ለቴርሞሜትር እንደሚደረገው አካፈለው፤ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ መሆን የነበረበት አንድ ነጥብ ሁለት ሆነ፤ የመጣው ሞተርም የሚፈለገውን ኃይል ሲሦ ብቻ ያለው ሆነ። እስካለፈው ሳምንት ታንከሩ በሩብ ብቻ ይሞላ ስለነበር ሞተሩ ይችለው ነበር። ዝናብ ዘንቦ፣ ግመሎቹ ጠግበው፣ ወተቱ ሲበዛ ግን ሞተሩ እየተንደቀደቀ አድሮ ጠዋት ላይ ለብ ያለ ወተት አስረከበ። መጀመሪያ መብራት ኃይል ተሰደበ። ቀጥሎ የሴቶቹ ጀሪካን ቆሻሻ ነው ተባለ። ለሦስተኛ ጊዜ ወተቱ ተበላሽቶ መኪናው ከድንበር ሲመለስ፣ ከትናንት ወዲያ ማለት ነው፣ ሴቶቹ የአህያ መንጃ ዱላቸውን ይዘው ግቢውን ሞሉት። በሩ ላይ ቁልፍ ይዞ የቆመው አምሀ ነበር። አምሀ የጎጃም ሰው ነው፤ በወታደርነት መጥቶ፣ ሠራዊቱ ሲበተን እዚያው ቀርቶ፣ ሶማሊኛ እንደ አፉ የሚናገር፣ ማታ ማታ ማሽኑን የሚጠብቅ፣ ስድሳን የተጠጋ ሰው። ግራ ክንዱን የሰበሩት በራሱ የበር ብረት ነው። ፖሊስ ደርሶ አስጣለውና አሰረው።

ዴቃ ትምህርት ቤቱ ስትደርስ፣ የመምህራን ሻይ ቤት ውስጥ የአምሀ ሚስት ታንጉት እንደ ወትሮዋ ትቀዳለች። የቀረች ቀን ደመወዟ ይቆረጣል። መምህራኑ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ፤ አንዱ ባጃጅ ከገበያ እስከ ዩኒቨርሲቲ ስንት እንደጠየቀው ይናገራል፤ ማንም የታንጉትን ፊት ቀና ብሎ አያይም። ባሏ "የልማት ጠላት" ተብሎ ታስሯል፤ በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተለጠፈበትን ሰው ዘመድ ሰላም ማለት እንኳ ያስጠይቅ ነበር። ዴቃ ባንኮኒው ጋ ሄዳ ጎንበስ አለች።

"እትዬ ታንጉት፣ ስንት ጊዜ ገብተሽ አየሽው?"

"አላስገቡኝም መምህር። ምግቡን ተቀብለው ዕቃውን ይመልሱልኛል። ትናንት ዕቃው ውስጥ ጥርስ አገኘሁ።" ይህን ያለችው ሻይ እየቀዳች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ነው። "ምግቡ ውስጥ ወድቆ ይሆናል እንጂ ልከውልኝማ አይደለም፣ አይደል?"

"ሽርጥሽን አውልቂ" አለቻት ዴቃ። "አብረን እንሄዳለን።"

ፖሊስ ጣቢያው ከገበያው ጀርባ፣ ጫት ከሚራገፍበት አደባባይ አጠገብ ነው። በር ላይ ያለው ወታደር ታንጉትን ሲያያት ሳይናገር በጠመንጃው ሰደፍ ደረቷን ገፋት፤ ሴትዮዋ ሁለት እግሯ ተነሥቶ በጀርባዋ ወደቀች። ዴቃ የኢንጂነር ዐብዲወሊ እህት መሆኗን ተናገረች። ያን ጊዜ በሩ ለእሷ ብቻ ተከፈተ። ከዚህ ስም በቀር ሌላ ቁልፍ አልነበራትም።

ኢንስፔክተር ዋርፋ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ትራንዚስተር ሬዲዮና ከውሃ ኮዳ በቀር ምንም የለም። ከኋላው ካለው ክፍል የሆነ ነገር እየተነሣ ይወርዳል፤ እርጥብ ምንጣፍ ሲመታ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ያወጣል። በየመሐሉ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ዋርፋ በየድምፁ መሐል እያረፈ ነበር የሚያወራት። ዴቃ ስለ ማካፈልና ማባዛት ነገረችው። ወተት አብዛኛው ውሃ እንደሆነ፣ የውሃው ቁጥር አራት ነጥብ ሁለት መሆኑን ስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንደሚያውቀው፣ የወተቱ አንድ ነጥብ ሁለት ሊሆን ከቶ እንደማይችል አስረዳችው። ዋርፋ በጥሞና አዳመጠ።

"ማሻአላህ፣ ጎበዝ አስተማሪ ነሽ" አለ። "እኔ ግን ቁጥር አላውቅም እህቴ፤ ሰው ነው የማውቀው። ሰውየው ደግሞ አምኗል።"

"እየደበደባችሁት እንዴት አያምን?"

"ታዲያ ሳይደበደብ ያመነ ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ ሳቀ፤ በሩን በእግሩ መታና "አምጡት!" አለ።

አምሀን ሁለት ሰዎች በብብቱ ይዘው አመጡት። የተሰበረው ክንዱ በገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጣቶቹ እንደ ሙዝ አብጠዋል። አንደኛው ዐይኑ የለም ማለት ይቻላል፤ ሥጋው ውጦታል። ዋርፋ "ማነው ማሽኑን ያጠፋው?" ሲለው ጥያቄው ሳያልቅ መለሰ። "እኔ ነኝ። እኔ አጠፋሁት ጌታዬ።" ዴቃ "ጋሽ አምሀ፣ እኔ ዴቃ ነኝ፣ አላጠፋኸውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ነበር" ብትለው ፊቱ ላይ ከፍተኛ ድንጋጤ ታየ፤ የሚያድነውን ነገር ሰው ሊቀማው እንደመጣ ሆኖ ተሰማው። "አጥፍቼዋለሁ!" ብሎ ጮኸባት። "ተይኝ እንግዲህ! አጥፍቼዋለሁ ብያለሁ እኮ!" መልሰው ወሰዱት።

ዋርፋ ከኮዳው ውሃ ጠጣ። ከዚያ የሆነ ነገር እንዳሳዘነው ሰው ድምፁን አለሳለሰ። "ስሚ። ከሳሾቹ እነ ባቱሎ ናቸው፤ የወተት ሴቶቹ። መኪናው ከዐስር ሶላት በኋላ ይነሣል፤ ወዴት እንደሚሄድ አትጠይቂኝ፤ ከዚያ የተመለሰም የለም። ሴቶቹ ከዚያ በፊት መጥተው 'ክሳችንን አንሥተናል' ካሉ፣ እኔም ከእነሱ ጋር መጣላት አልፈልግም፤ አማቾቼ ናቸው ግማሾቹ። ካልመጡ ግን ምን ላድርግ? ወንድምሽ እኮ ምሏል።"

ታንጉትን ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ግድግዳ ሥር አስቀምጣት ወደ ወተቱ ግቢ ባጃጅ ያዘች። ፀሐዩ ከአናት ወርዷል። ሾፌሩ በሞላ ድምፅ የሶማሊ ዘፈን ከፍቶ፣ ግመል ሲያቋርጥ በክላክሱ እየተሳደበ ይነዳል። ዴቃ እስካሁን ያለችው ሁሉ "ተሳስቷል" የሚል ነበር፤ ማን እንደተሳሳተ ለፖሊሱ እንኳ በስም አልጠራችም። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ሴቶቹ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ማነው ታዲያ?" እንደሚሆን ታውቃለች።

ሴቶቹ ታንከሩ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጠው ጀሪካን ያጥባሉ። ከትናንት ወዲያ የደፉት ወተት አፈሩ ላይ ደርቆ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል፤ ዝንቡ አያስቀምጥም። የበሩ ብረት ተጣሞ እዚያው ወድቋል። አለቃቸው ባቱሎ ረጅም፣ ደረቅ፣ አንድ ትከሻዋ ወደ ታች ያዘነበለ ሴት ናት፤ ለሠላሳ ዓመት ወተት በተሸከመችበት በኩል። ዴቃ ሰላምታ ሰጥታ እመሬት ላይ ተቀመጠች።

"ኤዶ ባቱሎ፣ አክስቴ፣ የሰበራችሁት ሰው ንጹሕ ነው።"

ሴቶቹ ማጠባቸውን አቆሙ። አንዷ፣ ረቢዓ የምትባል ወጣት ሴት፣ "ደግሞ ለባዕድ ጠበቃ መጣችለት!" አለች። "ከማሽኑ ጋር የሚያድረው ማነው? ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው?"

"ማሽኑ አልጠፋም። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቷል፤ አቅም ስለሌለው ነው። ስሙኝ፣ ለእናንተ በሚገባ ነገር ልንገራችሁ። አንድ የበረሃ ሰው 'ለአንድ ፍየል ይህን ያህል ውሃ ይበቃል' ብሎ ላከላችሁ እንበል። እናንተ ያላችሁ ፍየል ሳይሆን ግመል ነው። ለግመሉ ውሃውን ትጨምራላችሁ ወይስ ትቀንሳላችሁ?"

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?" አለች ረቢዓ። "ይጨመራል እንጂ!"

"መመሪያው ላይ የተጻፈው ለፍየል ነበር፤ ለፈረንጅ ትንሽ ዲግሪ። የተገዛው ሞተር የሚለካው በግመል ነው፤ በትልቁ ዲግሪ። ሒሳቡን የሠራው ሰው 'ግመሉ ትልቅ ስለሆነ' ብሎ ውሃውን መጨመር ሲገባው ቀነሰው።"

"ግመሉ ሞተ በያ!" ብላ አንዲት አሮጊት ከኋላ ተናገረች፤ ሴቶቹ ሳቁ። ባቱሎ አልሳቀችም። ስትናገር ድምፅዋ የደረቀ ነበር።

"ገባኝ። እኛም ሦስት ጊዜ ያፈሰስነው በዚህ ምክንያት ነው ብለን እንቀበል። ግን ያቺን ክንድ እኔ ነኝ የመታሁት፤ በዚህ እጄ። ንጹሕ ከሆነ የክንዱ ካሳ በእኔና በወገኔ ላይ ነው። ማን ይጠይቀናል? ሰው የለውም። ማንም በማይጠይቀኝ ነገር 'አጥፍቻለሁ' ብዬ ከእነዚህ ሁሉ ሴቶች ፊት ልቁም?"

"እኔ እጠይቅሻለሁ።"

"አንቺ ምኑ ነሽ?"

ዴቃ ይህን በመንገድ ላይ አላሰበችውም። "ማገኔ ነው" አለች።

ሴቶቹ አጉረመረሙ። ማገን ማለት ወገን አጥቶ በአንድ ቤት ጥላ ሥር የገባ እንግዳ ነው፤ እሱን የነካ ያስጠጋውን ቤት እንደነካ ይቆጠራል። ይህን የሚለው ግን ወንድ ነው፤ ያውም ከኋላው የሚቆሙ ወንዶች ያሉት። ረቢዓ "ሴት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ማገን የምትይዘው?" ብላ በፌዝ እጇን አጨበጨበች። "ጦርሽን አሳይን እስቲ! ግመሎችሽስ የት አሉ?"

"ዝም በይ!" አለቻት ባቱሎ። ዐይኗን ከዴቃ ላይ አላነሣችም። "ስንት ዓመት ሙሉ የእኛን ወተት ጠጥቷል። ልጄ በምጥ ስትያዝ መኪና ፈልጎ ያመጣው እሱ ነው። ማገን ከሆነ የሁላችን ነበር፤ እኛው ነን ያረድነው። አሁን ጨርሺው። ውሃውን ከግመሉ ላይ የቀነሰው ማነው?"

የአህያ ማናፋት ከአጥሩ ውጭ ተሰማ። ዴቃ አባቷ በሞተ ዓመት ዐብዲወሊ ትምህርቱን አቋርጦ አይሻ ባቡር ጣቢያ ጆንያ መሸከሙን፣ እሷ ግን አንድም ቀን ከክፍል አለመቅረቷን አሰበች። ይህን ማሰቧ ግን መልሱን አልለወጠውም።

"ወንድሜ ነው" አለች። "ዐብዲወሊ። ዛሬ ጠዋት አውቋል፤ አውቆም በአምሀ ላይ ምሏል።"

ባቱሎ ተነሥታ መጣችና በጥፊ መታቻት። ጥፊው ሠላሳ ዓመት ጀሪካን ያነሣ እጅ ጥፊ ነበር፤ ዴቃ በጎኗ ወደቀች፣ አፏ ውስጥ የደም ጣዕም ተሰማት። "ይህ እናትሽ በሕይወት ብትኖር የምትሰጥሽ ነው" አለቻት ባቱሎ። "ወንድምን በአደባባይ ለሰጠሽበት።" ከዚያ ያንኑ እጇን ዘርግታ አነሣቻት፣ ሻሿን አስተካከለችላት፣ ወደ ሴቶቹ ዞረች። "ተነሡ። ዐስር ሳይጠራ እንድረስ።"

ዐርባ ያህል ሴት ሆነው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ መንገዱን ሞልተው ሄዱ። ጫት የያዙ ወንዶች ከየሱቁ ወጥተው ያያሉ፤ ማንም ወዴት ናችሁ አላለም። በር ላይ ያለው ወታደር ጠመንጃውን ሊያነሣ ሲል አንዷ በእናቱ ስም ጠርታ "አንተ የሐዋ ልጅ፣ እናትህን ነው የምትመታው?" ስትለው መልሶ አወረደው። ግቢው ውስጥ የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ጀርባው ላይ እጃቸው የታሰረ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አምሀ ገና አልወጣም። ከመኪናው አጠገብ የዐብዲወሊ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል። ራሱም ከዋርፋ ጋር ደጃፉ ላይ፣ እጁን በኪሱ ከትቶ ያወራል። ሴቶቹን ከዚያም እህቱን ሲያይ እጁ ከኪሱ ወጣ።

ባቱሎ ክሱን ማንሣታቸውን ተናገረች። ዋርፋ ጨዋታ እንዳገኘ ሰው ፈገግ ብሎ ወደ ዐብዲወሊ ዞረ። "ኢንጂነር፣ እህትህ ቅድም ስለ አንድ ቁጥር ነግራኝ ነበር። እኔ አልተማርኩም። አንተ ንገረን፤ ይባዛል ወይስ ይካፈላል?"

የመኪናው ሞተር ብቻ ይንደቀደቃል። ዐብዲወሊ እህቱን አያት። ፊቷ ላይ የባቱሎ ጣቶች በግልጽ ይታያሉ፤ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ለአንድ አፍታ ፊቱ ሲላላ፣ የሚናገር መስሎ ሲተነፍስ ዴቃ አየች። ከዚያ የሴቶቹን ዱላ ቆጠረ፣ ከአጥሩ ላይ አንገታቸውን ያወጡትን ወንዶች አየ።

"ይካፈላል" አለ። "እህቴ ከአባታችን ሞት ወዲህ ጭንቅላቷን ያማታል።"

ባቱሎ የፕላስቲክ ጫማዋን ከእግሯ አውልቃ አፉ ላይ መታችው። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሦስተኛው ላይ ተንበረከከ፤ ሌሎቹ ሴቶች ደረሱ፤ ዱላው በትከሻው፣ በጀርባው፣ ራሱን በሸፈነበት ክንዱ ላይ ወረደ። ከአጥሩ ውጭ ያሉት ወንዶች አልገቡም፤ የእሱ ጎሳ ሰዎችም እዚያው ነበሩ። የሴት ዱላ ደም አያስከትልም፤ ወንድ ቢነካው ግን ከተማው ይነድ ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ሴቶቹም ያውቁ ነበርና አልቸኮሉም። ዋርፋ እየሳቀ "ይበቃል፣ ይበቃል፣ የመንግሥት ግቢ ነው!" አለ። ሳቁ ሲያልቅ ወደ ውስጥ ጮኸ። "ሽማግሌውን አምጡት! ልቀቁት! እነዚህን ሴቶች ከፊቴ አርቁልኝ!"

አምሀን አወጡት። ገመዱን ፈተው ለቀቁት፣ ብቻውን መቆም አቃተው፤ ታንጉት ሮጣ መጥታ በደህናው ክንዱ ሥር ገባች። "ወጣህ፣ ወጣህ የኔ ጌታ" ትለዋለች፤ እሱ ግን የሚሰማት አይመስልም። ባቱሎ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቀርባ ስለ ክንዱ አንድ ነገር ጀመረች፤ ሲያያት ራሱን በክንዱ ሸፈነ። ባቱሎ ቃሏን ዋጠችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። በተከፈተችው ዐይኑ ግቢውን ፈለገ፣ ፈለገና መሬት ላይ የተቀመጠውን ዐብዲወሊን አገኘው። ከታንጉት እጅ ወጥቶ፣ እየተንገዳገደ፣ ማንም ሳይይዘው ወደ እሱ ሄደ። ሴቶቹ ሊመታው ነው ብለው መንገድ ከፈቱለት። አምሀ ግን ተንበረከከ። በደህና እጁ የኢንጂነሩን ጫማ ያዘ።

"ኢንጂነር፣ ይቅር በሉኝ" አለ። "እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁለተኛ አላጠፋም። እንቅልፍ ይዞኝ ነው መሰለኝ። ሁለተኛ አላጠፋውም።"

"ኧረ አንተ ሰውዬ አላጠፋህም!" አለች ታንጉት እያለቀሰች። "አልሰማህም? ሴቶቹ ተናገሩልህ እኮ!"

"ዝም በይ፣ ይሰሙሻል" አላት።

ዐብዲወሊ በመሐረቡ አፉን ጠረገ። መሐረቡን አየው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ፒክአፑን ተደግፎ ተነሣ፤ ልብሱን አራገፈ። የታንጉትን ልቅሶ፣ የሴቶቹን ፊት፣ ከአጥሩ ላይ የተደረደሩትን የገዛ ጎሳውን ሰዎች አየ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎም በሶማሊኛ ተናገረ።

"ይቅር ብዬሃለሁ ጋሽ አምሀ። አላህም ይቅር ይበልህ።"

የመኪናውን በር ከፈተ፣ ወደ እህቱም ዞረ። "ነይ ግቢ" አላት፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። "ሻሚስ ምሳ አቅርባ ትጠብቀናለች።"

ዴቃ ጎንበስ ብላ ከግንቡ ሥር ድንጋይ አነሣች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት።